94 ሃርድቶፕ ከፍ ላስደርግ ነው፣ ብሎክ ይሻላል ረጅም ሻክል ወይስ ሙሉ ባሌስትራ?

የጦሳው ልጅ፦

ሰላም ናችሁ ጀመዓው። የ94 ሞዴል ላንድክሩዘር ሃርድቶፕ ነው ያለኝ፣ ኤችዜድጄ 75 ሚሏት፣ ሞተሯ ዋን ኤችዜድ 4.2 ናፍጣ ያለ ተርቦ፣ ከፊትም ከኋላም ባሌስትራ (ተደራርበው የታሰሩት ጎባጣ ብረቶች) ነች ጥምዝምዝ ሞላ ሚባል ነገር የላትም። ከጨረታ ነው ያወጣኋት፣ ሞተሯን ደህና አርገው ነው የያዟት ማሻአላህ፣ በደሴ ብርድ ጠዋት በአንድ ቁልፍ ነው ምትነሳው።

ስራዬ ከደሴ በኩታበር አርጌ በሽሎን ተሻግሬ ተንታ ነው፣ አንዳንዴ እስከ አጅባር እዘልቃለሁ። ስሄድ ባዶዬን ነኝ ማለት ይቻላል፣ ስመለስ ማር ቅቤ ጤፍ ሰባት ስምንት ኩንታል እጭናለሁ፣ ከዛ ላይ ደግሞ በአላህ በማርያም አድርሰኝ ሚል ሰው አይጠፋም፣ ጥሎ ማለፍ ደግሞ እንደሚከብድ ታውቁታላችሁ።

ችግሩ ዝቅ ብላለች። ከዋናው መንገድ ወጥቼ ወደ ቀበሌዎቹ ስገባ አይሱዙ የቆፈረው መንገድ መሀሉ ጉብ ይላል፣ ከስር እየተላጋች ነው ምታልፈው፣ ጭነት ሲኖር ደግሞ ጉድጓድ በገባሁ ቁጥር ከኋላ ጓ ትላለች ወገቤ ላይ ነው ሚሰማኝ። ስለዚህ ከፍ ላስደርጋት ነው። ሶስት ጋራዥ ጠየኩ ሶስቱም የተለያየ ነገር አሉኝ። አንዱ በአክስሉና በባሌስትራው መሀል የ10 ሴንቲ ብረት አስገብቼ (ብሎክ ነው ሚለው) ፊትም ኋላም በግማሽ ቀን ጨርሼ እሰጥሀለሁ አለ፣ አንዱ ረጅም ሻክል (የባሌስትራውን ጫፍ ከሻንሲው ጋር ሚያያይዘው ብረት) ቶርኖ ቤት አሰርተን እንቀይር አለ፣ ሶስተኛው ባሌስትራውን አውርደን እናስመታውና (መልሰን እናጎብጠውና) ከአይሱዙ አንድ አንድ ብረት እንጨምርበት አለ። አዲስ አበባ ያለ ጓደኛዬ ደግሞ ዝም ብለህ የአውስትራሊያ ሙሉ ኪት (አዲስ ባሌስትራ ከነዕቃው) ግዛ ይላል፣ ዋጋውን ስሰማ ግን ቡናው አቦል ላይ ቀረብኝ። ጎማዬ 7.50 በ16 ነው፣ በዛው 33 ወይ 35 ኢንች ባስገባስ ብዬም አስቢያለሁ። የሞከራችሁ ንገሩኝ።

የመርሳው ሃይሉክስ፦

35 አርገህ ግባበት ወንድሜ ምን ታስባለህ! ፎቶ ላይ ራሱ ሌላ ነው ሚሆነው ሃሃሃ

ግራሶ (ኮምቦልቻ)፦

የመርሳውን አትስማው እሱ ለሰርግ አጀብ ነው መኪና ሚያየው።

ወንድሜ ብር ከማውጣትህ በፊት አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ ከስር ሚላጋው ምኑ ነው? ተኝተህ አይተኸዋል? የተላጨ ቦታ ይኖረዋል፣ ብረቱ ያበራል። ዲፈረንሻሉ ከሆነ ሚላጋው ባሌስትራ ብትቀይር ብሎክ ብታስገባ ሰማይ ብታደርሳት አንድ ሚሊ አይነሳም። ለምን፣ ዲፈረንሻሉ ያለው አክስሉ ላይ ነው፣ አክስሉ ደግሞ ጎማው ላይ ነው ያለው፣ ከአክስሉ በላይ ያለውን ነገር ብታነሳ ሻንሲውና ቦዲው ብቻ ነው ሚነሳው። ዲፈረንሻልን ከመሬት ሚያርቀው ጎማ ብቻ ነው እሱም በግማሹ። 7.50 ጎማ ከመሬት እስከ አናቱ 80 ሴንቲ ገደማ ነው፣ 33 ብታስገባ 84 ሊሆን ነው፣ ዲፈረንሻልህ ያገኘው 2 ሴንቲ ነው በቃ። 35 ደግሞ 89፣ ያገኘኸው 4 ሴንቲ ገደማ፣ ለሷ ስትል ስንት ነገር ታጣለህ እሱን በኋላ እንመጣበታለን።

ሚላጋው ሻንሲው ወይ ሰልባትዮው ወይ የካምቢዮ መሸከሚያው ከሆነ ግን አዎ ባሌስትራ ነው ጥያቄው። ያ ጓ ሚለው ድምፅ ደግሞ ሻንሲው ስር ያለችው ጥቁር ላስቲክ ነች፣ አክስሉ ወጥቶ ሲመታት። ያ ማለት ባሌስትራው ደክሟል። የ30 አመት ባሌስትራ ነው እኮ፣ አንተ ከፍ ላስደርግ ትላለህ እኔ ሚመስለኝ መኪናዋ መጀመሪያ ወደነበረችበት አልተመለሰችም።

ለጥ ያለ ቦታ ላይ አቁማት (ደሴ ውስጥ ካገኘህ ማለቴ ነው ሃሃ)፣ አራቱንም ማዕዘን በሰው ክብደት ሁለት ሶስቴ አወዛውዛት ትቀመጥ፣ ከዛ ከጎማው መሀል እምብርት እስከ ፓራፋንጎው ከንፈር በሜትር ለካ፣ አራቱንም። ከመሬት አትለካ የጎማ ንፋስ ያሳስትሀል። ላስቲኩና አክስሉ መሀል ስንት ክፍተት እንዳለም እይ። ባሌስትራውን ከጎን እየው፣ ባዶ መኪና ላይ ትንሽ እንኳን ጎብጦ መሀሉ ወደ ታች መውረድ አለበት፣ ቀጥ ብሎ ወይ ጭራሽ ተገልብጦ ከሆነ አለቀለት።

ጋሽ ሀረጎ፦

ልጄ ስለ ብሎኩ እኔ ልንገርህ፣ ሌላውን ልጆቹ ይንገሩህ።

ወደ 30 አመት ነድቻለሁ፣ አብዛኛው ደሴ ኮምቦልቻ ባቲ ነው። በጉርምስናዬ የሰው ፒክአፕ ላንድክሩዘር እነዳ ነበር ባለቤቱ እንዳንተ ከፍ ትበል ብሎ አንድ ጋራዥ ወስዶ ፊትም ኋላም ብሎክ አስገባባት። ቁመናዋ ያምር ነበር አልዋሽም። አንድ ቀን በክረምት ተመስገን ሲሚንቶ አልጫንኩም ባዶ ነበርኩ፣ ሀረጎን (ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ያለውን ቁልቁለት) ስወርድ ኩርባው ላይ ፍሬን ያዝኩ፣ መሪው ከእጄ ተነጥቆ ወደ ግንቡ በኩል ሳበኝ። ወደ ገደሉ በኩል ቢሆን ይህን አልፅፍልህም ነበር። ወርጄ ሳይ የግራው ብሎክ ሸሽቷል፣ ባሌስትራውን ይዞ ሚያስረው የመሀል ቡሎን ተቆርጧል፣ አክስሉ አንድ ወገኑ ወደ ኋላ ሄዶ መኪናዋ ጠማማ ቆማለች።

ነገሩ እንዲህ ነው፣ ፍሬን ስትይዝ ከባዱ ስራ ያለው ፊት ነው፣ አክስሉ መጠምዘዝ ይፈልጋል፣ ብሎኩ ደግሞ እንደ ዘንግ ሆኖ ያግዘዋል፣ በረዘመ ቁጥር ጉልበቱ ይበዛል። ፊት ላይ ብሎክ ነውር ነው። ኋላ ላይ አንዳንድ መኪና ከፋብሪካውም አለው፣ አጭር ሆኖ በደንብ የተሰራ ከሆነ ያስኬድ ይሆናል፣ 10 ሴንቲ ግን ኋላም ቢሆን እኔ ልጆቼን አላስጭንበትም።

ሌላ አንድ ነገር፣ የኋላ አክስልህ ላይ ወደ ላይ ምትሄድ ቀጭን ዘንግ አለች ከፍሬን ቫልቭ ጋር የተያያዘች፣ ጭነት ምትመዝን። ጭነት ሲበዛ ቦዲው ዝቅ ይላል፣ ዘንጓ ቫልቩን ትገፋና የኋላ ፍሬን ይጠነክራል። መኪናውን ከፍ ያረክ ቀን ቫልቩ ሁሌም ባዶ ነህ ብሎ ያስባል፣ ስምንት ኩንታል ጭነህ ወደ በሽሎ ስትወርድ የኋላ ፍሬንህ ግማሽ ልቡን ነው ሚሰራው፣ ፊቱ ብቻውን ይሞቅና አንተ ፔዳሉን እየረገጥክ መኪናዋ ትሄዳለች። ከፍ የሚያደርጉ ጋራዦች ይቺን ዘንግ ሲያስተካክሉ አላየሁም። ጠይቃቸው፣ የት እንዳለች ካላወቁ ቁልፍህን ተቀበልና ውጣ።

የጦሳው ልጅ፦

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ፣ እንኳን አተረፈዎት። ያችን ዘንግ አይቻት አላውቅም ነበር አሁን ወርጄ አየኋት ጭቃ ለብሳ ተቀምጣለች፣ ጭራሽ አንደኛው ጫፏ በሽቦ ነው የታሰረችው። ብሎኩን ሰርዣለሁ።

ግራሶ እንዳልከኝ ለካሁ። ለጥ ያለ ቦታ ፍለጋ ገራዶ ድረስ ወረድኩ ሃሃ። ከፊት ግራው ከቀኙ በ3 ሴንቲ ያንሳል። ከኋላ እኩል ናቸው ማለት ይቻላል ግን ላስቲኩና አክስሉ መሀል ባዶዋን ቆማ ሁለት ጣት ብቻ ነው ሚገባው። የኋላው ባሌስትራ ቀጥ ብሏል እንደ ማስመሪያ፣ እምታበራዋ ቦታ ደግሞ የካምቢዮ መሸከሚያው ነች ዲፈረንሻሉ ደህና ነው። የግራው ማነስ ሹፌር ስለሚቀመጥበት ነው ይላል ጓደኛዬ።

እና አንድ ነገር ልበል አትቆጡኝ፣ ሁላችሁም ኪት ግዛ ልትሉኝ ነው መሰለኝ ግን ማስመታቱ በጣም ርካሽ ነው፣ ስንት ሰው አስመትቶ እየነዳ አይደል እንዴ?

ግራሶ (ኮምቦልቻ)፦

ሹፌር 3 ሴንቲ አያወርድም፣ መቶ ኪሎ ብትሆን ራሱ። ግራውን ባሌስትራ በውሃ እጠበውና በባትሪ እያበራህ እያንዳንዱን ብረት እየው፣ በተለይ ዩ ቦልቶቹ (ባሌስትራውን ከአክስሉ ጋር ሚያስሩት) ጋር መሀል ላይ፣ የተሰነጠቀ ነገር አታጣም። ዝገት መስመር ሰርቶ ካየህ እሱ ነው።

ማስመታቱን በተመለከተ ስራዬ ስለሆነ ሳልደባብቅ ልንገርህ እኔም ድሮ ሰርቻለሁ። ሁለት አይነት ነው ሚሰራው። በቀዝቃዛው በመዶሻ እየቀጠቀጡ ማጉበጥ፣ ይሄ ወጥቶ ሲሄድ ያምራል፣ ትንሽ ወር ጭነት ከተጫነበት ግን ተመልሶ ይተኛል፣ ብረቱ ደክሞ ነው እንጂ ቅርፁ ብቻ ጠፍቶበት አይደለም የተኛው። ሁለተኛው እሳት ውስጥ ከቶ አጉብጦ ማቀዝቀዝ ነው፣ ይሄ በትክክል ቢሰራ ጥሩ ነበር ግን ሙቀቱን በአይን እየገመቱ ነው ሚሰሩት፣ ወይ ለስልሶ ይወጣል ወይ እንደ ብርጭቆ ሆኖ አንድ ቀን ጭው ባለ ቦታ ቀጭ ይላል። እውነተኛ ምድጃ ሙቀት እየለኩ ሚሰሩ ቢገኙ አስመታው እልህ ነበር፣ እኔ በዚህ አካባቢ አላገኘሁም።

የአይሱዙ ብረት መጨመሩ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። የባሌስትራ ብረቶች እኩል እየታጠፉ ነው ጭነት ሚካፈሉት፣ መሀላቸው አንድ ወፍራም ደረቅ ብረት ስትከት እሱ አልታጠፍም ይላል፣ ቀጫጭኖቹ እሱ ሚያልቅበት ጫፍ ላይ ብቻ እየታጠፉ እዛው ጋ ይሰበራሉ። ከፍ ብላ ታያታለህ አዎ፣ ግን ባዶዋን ስትሄድ ጋሪ ነው ምትሆንብህ ኩላሊት ታወርዳለች።

ረጅም ሻክል፦ የጨመርከውን ግማሽ ነው ሚሰጥህ። 5 ሴንቲ ብታስረዝም 2 ተኩል ከፍ ትላለህ። ከዛም ፊት ላይ ሲሆን የባሌስትራው አንድ ጫፍ ብቻ ስለሚቀየር አክስሉ ያዘነብላል፣ ካስተር ሚሉት የመሪው አንግል ይለወጥና አስፋልት ላይ መሪው ይንቀዋለላል፣ ከኩርባ በኋላ ራሱ አይመለስም። ቶርኖ ቤት የተሰራ ቀጭን ብረት ሆኖ መሀሉ ካልተገናኘ ደግሞ ወደ ጎን ይወላገዳል። የደከመ ባሌስትራ ላይ ረጅም ሻክል ማለት የሰለለ እግር ላይ ተረከዝ ያለው ጫማ ነው።

የመርሳው ሃይሉክስ፦

እሺ ቀልዱ ይቅር እኔም ልናዘዝ። የኔዋ ባለ ቶርሽን ባር (እየተጠመዘዘ እንደ ሞላ ሚሰራ ዘንግ) ነች፣ ከፊት ባሌስትራ የላትም። አንዱ ጎበዝ እነዚህን ሁለት ቡሎኖች ብቻ አጥብቃቸው ከፍ ትላለች በነፃ ነው አለኝ፣ አጠበኩ፣ እውነትም 5 ሴንቲ ከፍ አለች። ግን ቶርሽኑ አልጠነከረም እኮ፣ የተቀመጠበት ቦታ ብቻ ነው የተቀየረው፣ ጎማው ወደ ታች ሚወርድበት አልቀረለትም፣ ትንሿ ጉድጓድ ላይ ሁሉ ከላይ ጫፍ ትመታለች። የሲቪዎቹ (ጉልበት ወደ ፊት ጎማ ሚያደርሱት ተጣጣፊ መገጣጠሚያዎች) አንግል ገደል ሆነ። ለመስከረም 21 ጊሸን ስወጣ ላስቲኩ ተቀዶ ግራሶውን ሁሉ ተፍቶ ቀጭ ቀጭ እያለች ነው ማርያም ያወረደችኝ። አሁን መልሼ ላላሁት ሁለት ሴንቲ ብቻ ተውኩለት።

ባሌስትራ ስላለህ ይሄ አይመለከትህም ግን ሃይሉክስ ያላችሁ ታነቡት እንደሆነ ብዬ ነው።

የጦሳው ልጅ፦

ግራሶ አንተ ሰው ጠንቋይ ነህ እንዴ?! አጠብኩት፣ ከፊት ግራ ሁለተኛው ብረት መሀል ቡሎኑ ጋ ለሁለት ተሰብሯል፣ ሶስተኛውም ስንጥቅ አለው። ቦኮላዎቹ (ባሌስትራው ጫፍ ላይ ቡሎኑ ሚገባባቸው) ደግሞ ላስቲክ የለም በውስጣቸው፣ ብረት በብረት ነው ሚሽከረከረው። እኔ እኮ ሰባት ስምንት ኩንታል ጭኜ በዚች ነው በበሽሎ ቁልቁለት የምወርደው፣ ሳስበው ሆዴ ተላወሰ።

እሺ ሙሉ ባሌስትራ ይሁን። አሁን ኪቱን ሚሸጠው ሰውዬ ማላውቀውን ጥያቄ ጠየቀኝ፣ ቋሚ ጭነትህ ስንት ነው፣ ፊት ላይ የብረት ፓራውርቶ አለ ወይ፣ 5 ሴንቲ ነው 10 ሴንቲ። ምን ልበለው? 8 ኩንታል ልበል?

ግራሶ (ኮምቦልቻ)፦

8 ኩንታል እንዳትል! ቋሚ ማለት መኪናዋ ላይ ማታ ሳይወርድ ሚያድር ክብደት ነው፣ ሁለተኛ ሰልባትዮ፣ ፖርቶመጋላ፣ እቃ ሳጥን እንዲህ አይነቱ። አንተ ሄዶ መመለስህ ግማሹ ባዶ ነው። ለ8 ኩንታል ቋሚ የተሰራ ባሌስትራ ባዶውን አይታጠፍም፣ ከኋላ እየዘለለች ዳገት ላይ ጎማው መሬት ይለቃል፣ ጠጠር ላይ ደግሞ ወደ ጎን ትሸሻለች።

እንደየፋብሪካው ቢለያይም አብዛኛው የኋላውን ቀላል፣ 300 ኪሎ አካባቢ፣ 500 እና ከዛ በላይ እያለ ነው ሚከፍለው። አንተ የመሀለኛውን ያዝ፣ ግን ከስር ሁለተኛ ደረጃ ወፍራም ብረት ያለው መሆኑን እይ፣ ባዶ ስትሆን ማይነካ ጭነት ሲመጣ ብቻ ሚቀበል። እሱ ነው ላንተ አይነት ስራ። ፊት ላይ የብረት ፓራውርቶ ካለህ ንገረው፣ ከሌለህ ለባለ ፓራውርቶ የተሰራውን እንዳይሸጥልህ፣ አፍንጫዋ ሰማይ ሰማይ ያያል።

ቁመቱ 5 ሴንቲ ይብቃህ። አንተ አስበው፣ አሁን የተኛች ስለሆነች አዲሱ ሲገባ አንተ ምታየው ልዩነት ከ5 በላይ ነው። በ5 ላይ የፍሬን ጎማዎቹ (ዘይት ሚያልፍባቸው ቱቦዎች) ብዙ ጊዜ ይደርሳሉ (ግን አክስሉ ተንጠልጥሎ አይተህ አረጋግጥ እንዳይወጠሩ)፣ የትራስሚሽኑም (ወደ ዲፈረንሻል ሚሄደው ዘንግ) ክሮቼራዎች፣ መታጠፊያዎቹ ማለት ነው፣ አይጨነቁም። ወደ 10 ከሄድክ የፍሬን ጎማ፣ የትራስሚሽን አንግል፣ የመሪ ዘንግ፣ ሁሉም በተራ ሚመጣ ወጪ ነው። ያንተ መኪና ደግሞ ማርና ሰው ነው ምትጭነው፣ ላዩ ላይ ፖርቶመጋላ ሞልተህ ያንን ወደ ገደል ያዘነበለ መንገድ በ10 ሴንቲ ከፍታ ስትሄድ እኔ አብሬህ አልሳፈርም።

ሾካብዞርበሩን አብረህ ግዛ ለዛ ቁመት የተሰራውን፣ የድሮውን እንዳትመልሰው፣ አጭር ስለሆነ ጎማው ሲወርድ መጀመሪያ ሚወጠረው እሱ ይሆናል፣ ከስሩ ነው ሚበጠሰው።

ሲገጠም ቁጭ ብለህ ጠብቅ ቡና ብለህ አትሂድ። ዩ ቦልት አዲስ ይሁን፣ አንዴ የታሰረ ተለጥጧል። የሻክልና የቦኮላ ቡሎኖች መኪናው ክሪክ ላይ ተንጠልጥሎ መጨረሻ አይጠበቁም፣ መሬት ወርዶ በራሱ ክብደት ጎማው ላይ ሲቆም ነው፣ አለበለዚያ ላስቲኩ ተጠምዞ ይቀርና በሶስት ወር ይበጣጠሳል። ተንታ ደርሰህ እንደተመለስክ ዩ ቦልቶቹን እንደገና አጥብቅ፣ አዲስ ባሌስትራ ይቀመጣል። መብራቱንም አውርደው፣ ሰው አይን ውስጥ ነው ሚያበራው።

ጋሽ ሀረጎ፦

ጎማውን ረስታችሁት እንዳይሆን። 7.50ህን አትንካ። ዋን ኤችዜድ ተርቦ የለውም፣ በየሺህ ሜትሩ ከጉልበቱ አስር ከመቶ ገደማ አየር ስለሚሳሳ ይሄዳል፣ ደሴ 2500 ሜትር አካባቢ ነው፣ እንግዲህ ሩቡ የለም ማለት ነው ገና ሳትጭን። 35 ስታስገባ ማርሽህ ሁሉ በአስር ከመቶ ይረዝምብሀል፣ ከበሽሎ ስትወጣ ሁለተኛ ምትይዝበትን በአንደኛ ትላለህ፣ ኪሎሜትር ቆጣሪውም ይዋሻል። ፍሬኑም እንዲሁ ትልቅ ጎማ ማቆም ይከብደዋል። ቀጭን ጎማ ጭቃውን ሰንጥቆ መሬት ይደርሳል፣ ወረኢሉና ጃማ ዋልካ ላይ ይህን አይቻለሁ። ለመረሬ ከሆነ ሰንሰለት ያዝ፣ ከፍታ ጭቃ ውስጥ አያወጣህም።

የጦሳው ልጅ፦

ሁላችሁንም አላህ ይስጥልኝ። ባለ 5 ሴንቲውን የመሀለኛ ጭነት ከነሾኩ አዘዝኩ፣ ዩ ቦልትና ቦኮላ አብሮ አለው። ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ሁለት ሳምንት ይፈጃል አሉኝ። እና ጋሼ አንድ ጥያቄ፣ የተሰበረውን በዩ ቦልት ጨምቄ አንድ ዙር ብቻ ተንታ ብሄድስ? ማሩ ተንታ ተዘጋጅቶ ነው ያለው፣ ግማሽ ብቻ ጭኜ ቀስ ብዬ…

ጋሽ ሀረጎ፦

አይሆንም።

ግራሶ (ኮምቦልቻ)፦

ጋሼ ጨረሱት እኮ ሃሃሃ። አብሽር ማር አይበላሽም፣ በአይሱዙ ይጫንልህ። ያቺን የፍሬን ዘንግ ሽቦዋን ፈተህ እስከዛ መለዋወጫ ፈልግላት፣ ኪቱ ሲመጣ ይዘሃት ውረድ፣ በሁለተኛ ማርሽ ግን፣ ሀረጎን በፍሬን እንዳትወርድ።

የጦሳው ልጅ፦

ደወልኩ፣ በአይሱዙ ይመጣል። ባለ አይሱዙው ደግሞ መኪናህን ምን ነካት ብሎኝ ባሌስትራዋ ተሰብሮ ስለው እኔ ብሎክ ሚያስገባ ሰው አውቃለሁ አለኝ።